«እህቴ መጣ» ሲል ምን እንበለው?

ሜሮን፦ ማይኩ በርቷል። ዳዊት፣ እስቲ የቅዳሜዋን ነገር ንገራቸው።

ዳዊት፦ አያቱን «አንቺ» ያለውን ልጅ?

ሜሮን፦ እሱን!

ዳዊት፦ (ሳቅ) ለማታውቁኝ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን አማርኛ አስተምራለሁ። አንዱን ልጅ ሊወስዱ አያቱ መጡ። «አያቴ፣ ቁጭ በይ» አላቸው። ሽማግሌው ክው አሉ።

ሜሮን፦ ምስኪን! ከየት አመጣው?

ዳዊት፦ ከቤት ነዋ። እናቱ ቀኑን ሙሉ እህቱን «ነይ፣ ብይ፣ ቁጭ በይ» ስትል ይሰማል። አማርኛው ያ ነው። «እርስዎ»ማ ጭራሽ አልደረሰበትም።

ሜሮን፦ ስታርመውስ ይሰማሃል?

ዳዊት፦ እሱ ነው የቸገረኝ። «እህቴ መጣ» ይለኛል። «እሺ፣ እህትህ መጣች?» እለዋለሁ። «አዎ፣ መጣ!» ብሎ ይሮጣል።

ሜሮን፦ ይሄ በጥናት የታወቀ ነገር ነው። ተመራማሪዎች ሪካስት ይሉታል። ስህተቱን ሳትጠቁም፣ አስተካክለህ መልሰህ ትልለታለህ። ሮይ ሊስተርና ሌይላ ራንታ በ1997 ያወጡት ጥናት አለ። ካናዳ ውስጥ ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ የሚማሩ ልጆች ክፍል ገብተው 18 ሰዓት ያህል ቀዱ። መምህራኑ ካደረጉት እርማት 55 በመቶው ሪካስት ነበር።

ዳዊት፦ እኔ ብቻ አይደለሁማ!

ሜሮን፦ ቆይ፣ ገና ነው። ተማሪዎቹ ለእርማቱ ምላሽ የሰጡት ለሪካስት 31 በመቶ ያህሉን ጊዜ ብቻ ነው። ሌላው ጆሮ ዳባ ልበስ! መምህሩ መልሱን ሳይሰጥ ልጁ ራሱ እንዲለው ሲጎተጉተው ግን ሁሌም አንድ ነገር ይላሉ። ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው ትክክል የሚሆነው፣ ግን ይሞክራሉ።

ዳዊት፦ ይገባኛል። «እህትህ መጣች?» ስለው ስለ እህቱ የጠየቅኩት ይመስለዋል። ስለ ግሱ እንደሆነ በምን ይወቅ?

ሜሮን፦ ልክ ነህ። ለዚህ ነው «እህትህ ምን?» ብለህ ዝም የምትለው።

ዳዊት፦ ዝም ማለት ግን ለእኛ ከባድ ነው። መምህር መልሱን ይዞ ሲጠብቅ አንጀቱ ያርራል።

ሜሮን፦ አንድ ነገር ልጨምር። ያኔ መመለስና መማር አንድ አይደሉም። ሊስተር በ2004 ይህንኑ በፈረንሳይኛ የስም ጾታ ላይ ፈተሸው። የእኛው የ«መጣ» እና «መጣች» ጣጣ የቅርብ ዘመድ ነው። የአምስተኛ ክፍል ልጆች ናቸው። ራሳቸው እንዲያርሙ የተጎተጎቱት በተለይ በጽሑፍ ፈተና በለጡ። በንግግር ግን ሪካስት ከተደረገላቸው ልጆች ጋር ልዩነቱ ያን ያህል አልነበረም።

ዳዊት፦ እኔም ቅሬታ አለኝ። ልጁ «ይቀመጡ» የሚለውን በጆሮው ሰምቶ ካላወቀ፣ እስኪመሽ ብጠብቀው ከየት ያመጣዋል? መጀመሪያ መስማት አለበት።

ሜሮን፦ እስማማለሁ። ሪካስትም አይጣልም። ፈተናህስ እንዴት ነው?

ዳዊት፦ አታስታውሽኝ! «እህቴ ____። ሀ) መጣ ለ) መጣች» ብዬ ሰጠኋቸው። ሁሉም ደፈኑት፣ ያም ልጅ ጭምር። ወረቀቱን ሰብስቤ ሳልጨርስ በሩ ላይ «እህቴ መጣ!» ብሎ ጮኸ።

ሜሮን፦ (ሳቅ) ይቺን አውቃታለሁ። አገር ቤት ሃይስኩል ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍሉ የእንግሊዝኛ ፈተና ግን ምርጫ ነው፣ አፍህን ማንም አይጠይቅህም። ፓሲቭ ቮይስን እንደ ውሃ ጠጥቼው ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፕሬዘንቴሽን አቅርቢ ስባል ምላሴ ታሰረ።

ዳዊት፦ ታዲያ ፈተናው ይቀየራ!

ሜሮን፦ ስሪላንካ ሞክራዋለች። አዲስ የእንግሊዝኛ ፈተና መጣ። ቻርልስ አልደርሰንና ዳያን ዎል የሚባሉ ተመራማሪዎች ክፍል እየገቡ አዩ፣ በ1993 ጻፉት። መምህራኑ የሚያስተምሩት ነገር ተቀየረ። የሚያስተምሩበት መንገድ ግን አልተቀየረም። ፈተናው ስለተቀየረ ብቻ መምህሩ በሌላ መንገድ ማስተማርን ከየት ይማረዋል?

ዳዊት፦ አሁን እኔ ልጆቹን አንድ በአንድ ሥዕል አሳይቼ ማናገር ጀምሬያለሁ። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ። ክፍለ ጊዜውን ይበላዋል፣ ወላጆችም «ከስንት ስንት አገኘ?» ይሉኛል።

ሜሮን፦ አያትየውስ እንዴት ሆኑ?

ዳዊት፦ እሳቸው ከእኔ በልጠዋል። ባለፈው ቅዳሜ «ቁጭ በይ» ሲላቸው አልተቆጡም። ቆመው «ቁጭ ምን?» አሉት። ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ሜሮን፦ ከዚያስ?

ዳዊት፦ «ቁጭ በል!» አላቸው። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረው «ቢያንስ ወንድነቴን አግኝቻለሁ» ብለው ተቀመጡ።