ያልዘለልኩት ሙዚቃ

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ መዝናኛና ስለ ዕለት ተዕለት ልማዳችን የግል አስተያየቴን እንድነግራችሁ ጋብዛችሁኛል። ከአንድ ካሴት ልጀምር።

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜ ካሴት ሰጠኝ። ፊቱን በሰማሁበት ቀን ወደድኩት። ገልብጬ ጀርባውን ሳጫውት ግን መጀመሪያ ላይ ያለው ሙዚቃ አስጠላኝ። ዘፋኝ የለበትም። ሰባት ደቂቃ ያህል መሣሪያ ብቻ ነው፤ አነሳሱም እጅግ ዝግ ያለ ነው። ልለፈው ብል ደግሞ ቴፑ የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ነበርና ማጠንጠኑ ድንጋዩን ይጨርስብኛል። ስለዚህ ጥርሴን ነክሼ እሰማው ነበር። ከሳምንታት በኋላ የፊቱ የመጨረሻ ዘፈን ሲደርስ ቶሎ አልቆ ካሴቱን እንድገለብጠው መቸኮል ጀመርኩ። ያ ሙዚቃ ዛሬም ከምወዳቸው ሁሉ ይበልጥብኛል።

ያንኑ ሙዚቃ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ በስልኬ ብሰማው ኖሮ አሥር ሰከንድ ሳይሞላው አልፈው ነበር። ማለፌንም መተግበሪያው ይመዘግባል። ይህ ሰው ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ አይሆነውም ብሎ የዚያን ሙዚቃ ዘመዶች በሙሉ ከፊቴ ያርቅልኛል። ተሳስቷል ማለት አልችልም፤ በዚያች ቅጽበት በእርግጥ አልወደድኩትም። የሚያየው ግን ያደረግሁትን ብቻ ነው። ገና ልወደው የምችለውን ከየት ያየዋል? እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ምርጫዬ ያለቀለት ዕቃ ሆኖ ውስጤ የተቀመጠ፣ አንድ ሰው ፈልጎ ቢያገኘው የሚበቃ ነገር አይደለም። እየሰማሁ፣ እየተሰላቸሁ፣ እየተመለስኩ የሠራሁት ነው። የሚሠራበት ጊዜ ከተነፈገው አይሠራም።

ሙዚቀኞችም ጣታችን ፈጣን መሆኑን ያውቃሉ። ስፖቲፋይ በተባለው የሙዚቃ ማዳመጫ መተግበሪያ አንድ ዘፈን ተደመጠ ተብሎ የሚቆጠረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የተሠራ አንድ ጥናት ከ1986 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተወዳጅ ዘፈኖች ሰንጠረዥ እስከ አሥረኛ ደረጃ የወጡ ዘፈኖችን መርምሮ ነበር። ዘፋኙ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት ያለው መግቢያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአማካይ ከ20 ሰከንድ በላይ ሲሆን በመጨረሻ ወደ 5 ሰከንድ ገደማ ወርዷል። ጥፋቱን ሁሉ በስልክ ላይ አላሳብብም፤ ማጠሩ ከስልክ በፊት የጀመረ ነው። ስልኩ ግን ወደዚያው ገፍቶታል። እኔ ረጅም መግቢያ እወዳለሁ። ዘፋኙ እስኪመጣ ድረስ ቤቱን እየዞርኩ እንዳየው ጊዜ ይሰጠኛል፦ ከበሮው የት እንደተቀመጠ፣ ባሱ ምን እንደሚያጉረመርም፣ ዜማው በየት በኩል ሊገባ እንደሆነ። ዘፋኙ በሁለተኛው ሰከንድ ላይ ሲጮህብኝ ቤቱን ሳላየው እወጣለሁ።

አሁን ወደ ፊልም ልለፍ፤ ስለ ምርጫ ብዙ ያስተማረኝ ታሪክ እዚያ አለ። በ2006 እ.ኤ.አ. ኔትፍሊክስ የተባለው የፊልም ድርጅት ደንበኞቹ ለፊልሞች ከአንድ እስከ አምስት የሚሰጡትን ኮከብ ከራሱ ዘዴ 10 በመቶ አሻሽሎ መተንበይ ለቻለ ሁሉ 1 ሚሊዮን ዶላር እሸልማለሁ አለ። ከ480 ሺህ ያህል ደንበኞች የተሰበሰበ ከ100 ሚሊዮን በላይ የኮከብ መረጃ ለተወዳዳሪዎች ተሰጠ። ሽልማቱ አሸናፊ ለማግኘት ሦስት ዓመት ፈጅቶበታል። ተወዳዳሪዎቹን እጅግ ካስቸገሯቸው ፊልሞች አንዱ በጥቂት ገንዘብ የተሠራ፣ ጠባዩ ለየት ያለ ኮሜዲ ነበር። በሌሎች ፊልሞች ሁሉ የሚስማሙ ሁለት ሰዎች እዚህ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ፤ አንዱ አምስት ኮከብ ይሰጣል፣ ሌላው አንድ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። ያን ሁሉ የሒሳብ ሊቅ ያደከመ አንድ ፊልም መኖሩ ስለ ሰው ልጅ የሚናገረው መልካም ነገር አለ።

ከታሪኩ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን በኋላ የሆነው ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ድርጅቱ ኮከቡን ትቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በሚያመለክት አውራ ጣት ተካው። ኃላፊዎቹ ከሰጡት ምክንያት አንዱ ሰዎች ለጥናታዊ ፊልም አምስት ኮከብ እየሰጡ፣ ማታ ማታ የሚያዩት ግን ሦስት ኮከብ የሰጡትን ቀላል ፊልም መሆኑ ነው። ለነጋዴ መልሱ ግልጽ ነው፦ የሚያዩትን አምጣላቸው። እኔ እዚህ ላይ እከራከራለሁ። ሲደክመኝ ያየሁትም እኔ ነኝ፣ አምስት ኮከብ የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ኮከቡን ስሰጥ ውሸት አልተናገርኩም፤ የማከብረውን፣ ጉልበት ኖሮኝ ደጋግሜ ባየው የምመኘውን ተናግሬያለሁ። የደከመውን እኔን ብቻ የሚሰማ መሣሪያ ከሁለታችን አንዳችንን ዝም አሰኝቷል። ኮከቤን መልሱልኝ እላለሁ። እስከዚያው ድረስ በደብተር እጽፋለሁ፦ የፊልሙን ስም፣ ኮከቡን፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት። ምክንያቱን መጻፍ ከባድ ነው። "ደስ ይላል" ብሎ ማለፍ ሲከለከል ሰው ምን እንደወደደ ማሰብ ግድ ይለዋል።

በነገራችን ላይ ፊልም ሲያልቅ የሠሩት ሰዎች ስም በሚወርድበት ሰዓት የሚቀጥለው ክፍል በአምስት ሰከንድ ሊጀምር ነው የሚለውን ማስታወቂያ አጥፍቼዋለሁ። ቅንብሩ ውስጥ ገብቶ መዝጋት ይቻላል። ፊልሙ በልቤ የሚረጋው በዚያች ሦስት ደቂቃ ውስጥ ነው።

ሌላ የተማርኩት ነገር ስለ ቁጥር ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ዳንካን ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች በሳይንስ መጽሔት ላይ አንድ ሙከራ አሳተሙ። ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በማይታወቁ ባንዶች የተሠሩ 48 ዘፈኖችን እንዲሰሙና የፈለጉትን እንዲያወርዱ ተደረገ። ከፊሎቹ የሚያዩት የዘፈኑንና የባንዱን ስም ብቻ ነበር። የቀሩት በስምንት ተለያይተው፣ በየራሳቸው ቡድን ውስጥ ዘፈኑን ስንት ሰው እንዳወረደው ጭምር ያያሉ። ቁጥር የሚያዩት ስምንቱ ቡድኖች በአንደኝነት ላይ አልተስማሙም። ቁጥር ያላዩት ሰዎች በ26ኛ ደረጃ ያስቀመጡት አንድ ዘፈን በአንዱ ቡድን አንደኛ ወጣ፤ በሌላው 40ኛ ሆነ። ዘፈኑ ያው ነው፣ አንዲት ኖታ አልተቀየረችም። እጅግ ጥሩዎቹ ወደ ታች ብዙ አይወርዱም፣ እጅግ ደካሞቹም ብዙ አይወጡም፤ መሐል ያሉት ግን የት እንደሚያርፉ የሚወስነው ቀድሞ የመጣው ሰው ጣት ሆነ።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ አንድ ልማድ ይዣለሁ። አዲስ ነገር ስሰማ ወይም ሳይ መጀመሪያ ቁጥሩ ላይ እጄን አደርጋለሁ። ቃል በቃል በመዳፌ እሸፍነዋለሁ። ሚሊዮን ሰው አይቶታል ማለት ሚሊዮን ሰው ወዶታል ማለት አይደለም፤ ሠላሳ ሰው ብቻ አይቶታል ማለትም ይጠላል ማለት አይደለም። አንድ ሰው የሚወደውን ሙዚቃ ሲያሰማኝ "ስንት ሰው አየው?" ብዬ አልጠይቅም። "የትኛው ቦታ ላይ ነው የያዘህ?" እለዋለሁ። ፊቱ ሲበራ ብታዩት! ወዲያው ወደ ኋላ መልሶ "ቆይ፣ ቆይ፣ እዚህች ጋ ስማ" ይለኛል። ከዚያች "እዚህች ጋ" የሚበልጥ ምክር ከየትም መተግበሪያ አላገኘሁም።

ቴክኖሎጂ የምጠላ መስሏችሁ እንዳትሄዱ። የሚሰማውን ዘፈን ስም የሚነግረውን ሻዛምን እወደዋለሁ። በ2002 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ሲጀመር ሰው 2580 ይደውላል፤ በስልኩ ቁልፎች የመሐል ረድፍ ከላይ እስከ ታች ማለት ነው። ስልኩን ወደ ሙዚቃው ያስጠጋል፣ ጥቂት ቆይቶ የዘፈኑ ስም በአጭር መልእክት ይመጣለታል። የሚሠራው ከድምፁ ውስጥ ጎልተው የሚወጡትን ነጥቦች ለቅሞ፣ አቀማመጣቸውን ከተከማቹት ዘፈኖች ጋር በማስተያየት ነው። ስለዚህ ጫጫታ ውስጥም ዘፈኑን ያውቀዋል። የምወደው ግን ስለ ብልሃቱ ብቻ አይደለም። ጥያቄው የእኔ ነው። አንድ ዜማ ያዘኝ፣ ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ፣ መሣሪያው መለሰልኝና ዝም አለ። ሳልጠይቀው ከሚመልስልኝ፣ መልሱንም ሳልጨርስ ሌላ ከሚደርብልኝ መሣሪያ ጋር በአንድ ዓይን አላየውም።

አንድ ወዳጄ ግን አጥብቆ ይሞግተኛል። "ያን የካሴት ሙዚቃ የወደድከው ደጋግመህ ስለሰማኸው ብቻ ነው፤ ማንኛውም ነገር ሲደጋገም ይወደዳል" ይለኛል። ሙግቱ መሠረት አለው። ሮበርት ዛዮንክ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰዎች ትርጉም የሌላቸውን ቃላትና የማያውቋቸውን ሰዎች ፎቶግራፍ ሳይቀር ደጋግመው ሲያዩ ወደ መውደድ እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። ጉዳዩን ብዙ አሰብኩበት። መቶ ጊዜ ሰምቻቸው ዛሬም የማልወዳቸው ዘፈኖች አሉ፤ ሁላችሁም ዘንድ አሉ። በመቶኛው ጊዜም ያው የመጀመሪያው ናቸው። ያ የካሴቱ ሙዚቃ ግን በአምስተኛው ጊዜ ከሥር የሚሄድ ሁለተኛ ዜማ አሳየኝ፤ በሃያኛው ጊዜ ደግሞ ዝግ ያለው አነሳሱ መጨረሻ ላይ ያለውን ዜማ አስቀድሞ በዝግታ እየተናገረ እንደነበር ሰማሁ። መደጋገሙ በሩን ከፈተልኝ። ውስጥ ያለው ነገር ግን ሙዚቀኛው ያስቀመጠው ነው።

የእህቴ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሁልጊዜ ሙዚቃ ትልክልኛለች፣ እኔም እልክላታለሁ። በመካከላችን አንድ ስምምነት አለን፦ ሦስት ጊዜ ሳይሰሙ አስተያየት መስጠት ክልክል ነው፤ ሦስት ጊዜ ከሰሙ በኋላ ደግሞ "አልወደድኩትም" ማለት ሙሉ መብት ነው፣ ምክንያቱ ከተነገረ። እሷ ያን የካሴቱን ሙዚቃ ሦስት ጊዜ ሰምታ አልወደደችውም። "አጎቴ፣ መጨረሻው ያምራል፣ እስኪደርስ ግን ልቤ ይጠፋል" አለችኝ። ተቀበልኳት፤ ምክንያቷ የራሷ ነው።

ባለፈው ሳምንት የላከችልኝ ዘፈን መግቢያ የሚባል ነገር የለውም። ዘፋኟ በመጀመሪያው ሰከንድ ትጀምራለች፤ በድምፅ ማስተካከያ መሣሪያ የተወለወለ ድምፅ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። ሁለት ጊዜ ሰማሁት፣ ሁለቱንም ጊዜ አልወደድኩትም። ሁለተኛው ላይ ግን ወደ መጨረሻው ከበሮው ለአፍታ የሚቆምባት ቦታ ላይ ጆሮዬ ቆም ብሏል። ዛሬ ወደ ቤቴ ስመለስ ሦስተኛውን እሰማለሁ፤ ማታ ትደውልልኛለች።

አመሰግናለሁ።