ከሰሃን ስር ሌላ ሰሃን? የቻርጀር ነገር

ሚሚ፦ እንደምን ሰነበታችሁ ቤተሰብ! ጎንደር እየዘነበ ስለሆነ ቆርቆሮው ሲንኳኳ ብትሰሙ እንዳትደነግጡ። ወሬያችን ቻርጀር ነው።

አቡሽ፦ እኔ እኮ የስልክ መስሎኝ ነው የመጣሁት።

ሚሚ፦ ኧረ ባክህ! ከመመገቢያው ሰሃን ስር የሚቀመጠው ትልቁ የጌጥ ሰሃን ነው። አይበላበትም። ሾርባው ይመጣል ይነሳል፣ ሰላጣው ይመጣል ይነሳል፣ እሱ እዛው ቁጭ ነው፣ ጣፋጭ ሊቀርብ ሲል ይነሳል፣ አንዳንዱ ሰው ደግሞ ዋናው ምግብ ሲመጣ ያነሳዋል።

አቡሽ፦ ታዲያ ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰሃን ምን ያረግልኛል እታለም? እኛ ቤት ሞሰቡ ይከፈታል፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ይጎርሳል፣ አለቀ።

ሚሚ፦ እሱማ ልክ ነህ፣ ለእንጀራ ብላችሁ አትግዙ ነው የምለው እኔም። ግን ሩዝና ጥብስ ለየሰው በሰሃን የሚቀርብበት ራት አለ አይደል፣ የምርቃት፣ ከውጭ ዘመድ ሲመጣ ምናምን፣ ያኔ ጠረጴዛውን ያሳምረዋል። እኔ መጀመሪያ ወርቃማ የፕላስቲክ ስድስት ገዛሁ፣ አክስቴ ሰሃን መስሏት ትኩስ ዶሮ ወጥ ጨለፈችበት፣ ሲታጠብ ወርቁ ከስፖንጁ ጋር ተላቆ መጣ በቃ።

አቡሽ፦ ወይኔ! ከወጡም ጋር ሳይበላ አልቀረም በይኛ።

ሚሚ፦ እኮ! ቅብ የሆነው ምግብ በቀጥታ አይነካውም፣ ማይክሮዌቭም አይገባም፣ በእጅ በለስላሳ ጨርቅ ነው የሚታጠበው።

አቡሽ፦ ስፋቱስ?

ሚሚ፦ አብዛኛው ከ30 እስከ 33 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የራት ሰሃን ደግሞ 27 አካባቢ። ዙሪያውን 3 ሳንቲ ከታየ ይበቃል። ግን ሰው የሚረሳው ጠረጴዛውን ነው። የኛ 1 ሜትር ከ80 ነው፣ በአንድ ወገን አራት ሰው ስናስቀምጥ ለአንዱ 45 ሳንቲ ይደርሰዋል፣ ከዛ ላይ ባለ 33ቱን ቀንስ፣ ለሹካ ለቢላ 12 ቀረ፣ ክርን ከክርን መጋጨት ነው። ሦስት ሰው ሲሆን 60 60 ይደርሳል፣ ያኔ ይመቻል።

አቡሽ፦ እና አሁን ምን ገዛሽ?

ሚሚ፦ አልገዛሁም፣ አሰፋሁ! ትንንሽ ሰፌድ።

አቡሽ፦ እንዴየ! ሰፌድ?

ሚሚ፦ አዎ፣ በስንደዶና በአክርማ። ግን ሰፌድ ጠርዙ ከፍ ስለሚል መሃሉ ጎድጎድ ይላል፣ የመጀመሪያው ላይ ሰሃን አስቀምጬ ስጋ ስቆርጥ ሰሃኑ ይወዛወዛል፣ ቋ ቋ ቋ። መልሼ የራሴን ሰሃን ይዤ ሰፌዱን ወደ ሰፋችልኝ ሴትዮ ሄድኩ፣ እሷም ሰሃኑን ሰፌዱ ላይ አስቀምጣ በወስፌዋ ዙሪያውን ምልክት አረገችና "ሜዳ አርጌ ልስፋልሽ" አለችኝ። ደግሞ ሌላው፣ መሃሉን ሰሃኑ ይሸፍነዋል አይደል፣ ስለዚህ አለላውን ዳር ዳሩን ብቻ አስገባችው፣ መሃሉ ነጭ ቀረ። ለማይታይ ቦታ ጌጥ ምን ያረጋል፣ ድካሟም ቀነሰ።

አቡሽ፦ እሱስ ብልህነት ነው። ወጥ ሲፈስበትስ?

ሚሚ፦ ቶሎ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ነው፣ መዘፍዘፍ የለም፣ ይሻግታል። ነፋስ ያለበት ጥላ ላይ አድርቁት፣ ፀሐይ አለላውን ታደበዝዘዋለች። ሸክላ ለሚወድ ደግሞ እዚሁ ጎንደር አጠገብ የሸክላ ሰሪዎቹ መንደር ወለቃ አለላችሁ፣ ግን ሸክላ ይከብዳል፣ ጠረጴዛም ይጭራል፣ ከስሩ ጨርቅ አርጉ።

አቡሽ፦ ስንት አሰፋሽ በመጨረሻ?

ሚሚ፦ ስድስት። ትናንት ቡና ሲፈላ እማዬ አንዱ ላይ ቆሎ አርጋ ለጎረቤት ስታዞር አየኋት፣ "ምን የመሰለች የቆሎ ሰፌድ አሰፋሽልኝ" አለችኝ፣ እንግዲህ ምን እላለሁ፣ አምስት ቀረኝ።