አበል የማይታሰብለት ሳይንስ

ክቡራን መምህራን፣ የላብራቶሪና የመስክ ሠራተኞቻችን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አዘጋጆቹ ስለ እንስሳት ባህርይ ጥናት አጠቃላይ መግቢያ ስጥልን ብለውኛል። እሺ፣ መግቢያው አጭር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ። በ1973 ካርል ፎን ፍሪሽ፣ ኮንራድ ሎሬንዝና ኒኮ ቲንበርገን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ንብ፣ ዝይና ዓሣ ሲመለከቱ የኖሩ ሰዎች ናቸው። ቲንበርገን ከዚያ በፊት በ1963 አራት ጥያቄዎች አስቀምጦ ነበር። ባህርዩን ምን ይቀሰቅሰዋል? እንስሳው ሲያድግ እንዴት ይዳብራል? ለመኖርና ለመራባት ምን ይጠቅመዋል? በዘር ሐረጉ ከየት መጣ? ፈተና ላይ ስለሚመጣ ታውቁታላችሁ። መግቢያው አለቀ።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ።

የሎሬንዝን ዝይ የማያውቅ ተማሪ እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ጫጩቷ ከእንቁላል ወጥታ መጀመሪያ ያየችውን ትከተላለች። ሸምድዳችሁታል። ግን ማታ ማታ ከዶርሙ ጀርባ የሚጮኸው ጅብ ምን በልቶ እንደሚያድር የሚነግረኝ ስንቱ ነው?

አንድ ሥራ ልንገራችሁ። ግደይ ይርጋና ባልደረቦቹ ትግራይ ውስጥ ሠርተው በ2012 ያሳተሙት ነው። ጥያቄያቸው ማንም ሰው ቡና ላይ ሊያነሳው የሚችል ነው። ሁዳዴ ሲገባ ጅቡ ምን ይበላል?

እስቲ አስቡት። ቄራው ይቀዘቅዛል። ሥጋ ቤቱ ይዘጋል። 55 ቀን ሙሉ ከየግቢው አጥንትና አንጀት አይጣልም። እዚያ አገር ጅብ አብዛኛውን ጊዜ ኑሮው ከሰው ትርፍራፊ ነው። ታዲያ አብሮን ይጾማል?

ተመራማሪዎቹ ጅቡን አላሳደዱትም። ዐይነ ምድሩን ለቀሙ። አትሳቁ! የጅብ ዐይነ ምድር በበላው አጥንት የተነሳ ሲደርቅ ይነጣል፣ ከሩቅ ይታያል። ሆዱ አጥንት ይፈጫል፣ ጠጉር ግን አይፈጭም። ጠጉሩን ለቅመህ፣ አጥበህ ማይክሮስኮፕ ሥር ስታስገባው በላዩ ላይ ያለው የቅርፊት አሰላለፍ የበግ ይሁን የፍየል፣ የከብት ይሁን የአህያ ይነግርሃል። ከጾሙ በፊት ከተሰበሰበው ውስጥ የአህያ ጠጉር የተገኘበት 15 በመቶ ገደማ ነበር። በጾሙ ወቅት 33 በመቶ ደረሰ። ከፋሲካ በኋላ ወደ 22 ወረደ። ጅቡ አልጾመም፤ ፊቱን ወደ አህያ አዞረ። የሰው እምነት የአውሬውን ማዕድ ሲቀይር በቁጥር አሳዩን። የትኛው የዝይ ታሪክ ነው ከዚህ የሚበልጠው?

እኛም ይህንኑ እዚህ ከተማ እንሥራው ብለን ፕሮፖዛል አስገብተን ነበር። የዚያን ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ምን ጠየቅን? ወንፊት፣ ጓንት፣ የወረቀት ከረጢትና የመስክ አበል። ማይክሮስኮፑ እኛው ጋ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ደብዳቤያችን ተመልሶ መጣ። ጠርዙ ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለጅብ ዐይነ ምድር አበል አይታሰብም» ተብሏል። ፊርማ አለው። ማኅተምም አለው፤ ማኅተሙ ግማሹ ዐይነ ምድር የሚለው ላይ አርፏል።

በዚያው ዓመት ግን ለሆቴል ስብሰባ አበል ታስቧል! ብስኩት እየበሉ ስላይድ ማየት ሥራ ነው፤ ሌሊት ተነስቶ ጅብ መከታተል ሽርሽር ነው። ማነው እንዲህ ብሎ የፈረደው? መስክ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው! ከዚያ ደግሞ ፈረንጅ መጥቶ የእኛን አውሬ አጥንቶ ሲያሳትም «ሀብታችንን ወሰዱብን» ብለን እናለቅሳለን። ማን ከለከለን? ራሳችን!

ስለ መንዝ ጓሳም ትንሽ ልበል፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሁለቱም ከእኛ ደጋ ውጭ በዓለም ላይ የሉም። ጓሳ ላይ ቀበሮው በሚግጠው የጭላዳ መንጋ መሃል ቀስ ብሎ ይገባል፣ እነሱም አይሸሹትም። የሚፈልገው አይጥ ነው። በ2015 የታተመው ጥናት እንዳሳየው፣ መንጋው ውስጥ ሆኖ ሲያድን ከሦስት ሙከራው ሁለቱ ያህል ይሳካለታል። ለብቻው ሲሆን ከአራት አንዱ ነው። ይህ በሳር ላይ ተቀምጦ፣ ሰዓትና ደብተር ይዞ በማየት የተገኘ ነው። ስለ ሐረር ጅቦችም ላነሳ ነበር፣ ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ።

የበጀት ኃላፊዎቻችን ከፊት ወንበር ላይ ስላላችሁ ደስ ብሎኛል። ፕሮፖዛሉ እንደገና ገብቷል፣ ያው ወንፊት፣ ያው ጓንት ነው። የጾሙን ናሙና የምናነጻጽርበት የቅድመ ጾም ናሙና ያስፈልገናል። እሱ የሚለቀመው ቅበላ ሳይደርስ ነው። ኋላ ቢፈቀድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የሚሆነው። ስለዚህ መልሱን ከጥምቀት በፊት እንፈልጋለን፣ በጽሑፍ።

አመሰግናለሁ።