ከሰሉ ለእሳቱ አይደለም

ባለፈው ስለ ጣሪያዬ ሶላር ስኩራራ የሰማችሁ፣ «ከሰል፣ ደህና ሁን» ማለቴንም አትረሱም። በዚያው ሳምንት እዚሁ ሐዋሳ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ ከሰል ከሚሸጡት እናት ዘንድ ግማሽ ማዳበሪያ ልገዛ ሄድሁ። ለቡና ነው፤ አትሳቁ።

እሳቸው ሲመርጡልኝ እኔ የሶላር ሰሌዳ የሚሠራበት ሲሊከን መነሻው ኳርትዝ ድንጋይና ከሰል እንደሆነ አወራላቸው ጀመር። «ድንጋዩን በምን ያቀልጡታል?» አሉኝ። በኤሌክትሪክ እንደሆነ ነገርኋቸው። «መብራት ካላቸው ከሰሉ ምን ያደርግላቸዋል?» ሲሉኝ፣ ኬሚስትሪ እያስተማርሁ የምኖረው ሰው፣ «ለእሳቱ ነዋ፣ እማማ» ብዬ መለስሁ።

ለእሳቱ አይደለም። ኳርትዝ ሲሊከንና ኦክስጅን የተቆራኙበት ድንጋይ ስለሆነ፣ ቢቀልጥም ያው ድንጋይ ነው፤ 2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርሰው የምድጃው ሆድ ውስጥ ኦክስጅኑን ነጥቆ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሆኖ የሚወጣው የከሰሉ ካርቦን ነው። ለ1 ቶን ሲሊከን በስሌት ብቻ 860 ኪሎ ግራም ያህል ንጹሕ ካርቦን ያስፈልጋል፤ ያም ጋዝ ከላይ ሲነድ ከ3 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ይህን በሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! ታዲያ «ለእሳቱ ነዋ» ያልሁት ጥያቄውን ንቄ ነው ወይስ ጠያቂዋን?

ደግሞ እኮ እሳቸው አንዱን ከሰል ለይተው «ይሄ አመዳም ነው፣ አትውሰደው» ብለውኛል። አቅላጮቹም የሚሸሹት አመድን ነው፤ ብረቱን፣ አሉሚኒየሙንና ፎስፈረሱን ወደ ሲሊከኑ ያስገባልና። የእንጨት ከሰል የሚወደደው አመዱ ስለሚያንስና ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ነው፤ ሲሊከኑን ይዞ ወደ ላይ የሚያመልጠውን የሲሊከን ሞኖክሳይድ ጋዝ ከድንጋይ ከሰልና ከፔትሮሊየም ኮክ (ከነዳጅ ዘይት ዝቃጭ ከሚሠራው ከሰል መሳይ) በተሻለ ይይዘዋል። ብራዚል ውስጥ ለዚሁ ሥራ የሚከሰለው እኛ አጥር የምናጥርበት ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ እንደገና ሲያድግ ጭሱን መልሶ ይስበዋል ይባላል፤ በተቆረጠው ምትክ ከተተከለ ማለት ነው፣ እሱም ቢሆን እስኪያድግ ድረስ... እንጃ፣ አንዳንድ ቀን ያሳምነኛል፣ አንዳንድ ቀን የግማሽ ማዳበሪያዬ ማመካኛ ይመስለኛል።

ቅዳሜ መልሴን ላርም ብዬ ሄጄ ነበር። ገና ሳልናገር «አመድ የሌለውን ለይቼልሃለሁ፣ ልጄ» አሉኝና ማዳበሪያውን አቀበሉኝ። ከፈልሁ፤ ስለ መብራቱ ጥያቄያቸው ግን...