«ሰማ» ውስጥ የጠፋችው ድምፅ፤ ስለ ቋንቋ ጥናት ታሪክ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ቋንቋ ጥናት ታሪክ ባወራንበት ሰሞን ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። አንዳንዱን ጥያቄ በአየር ላይ በጥድፊያ ነው የመለስኩት፤ እዚህ ረጋ ብዬ ልድገመው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሰው ልጅ የመጀመሪያ ቋንቋ የትኛው ነው? እናንተ ምሁራን ለምን ቁርጡን አትነግሩንም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቁርጡን እነግርዎታለሁ የሚል ሰው ከመጣ ይጠርጥሩት። የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ፕሳሜቲኮስ የሚባል የግብፅ ንጉሥ ይህንኑ ለማወቅ ሁለት ሕፃናት ለአንድ እረኛ ሰጠ፤ ማንም ሰው ፊታቸው ቃል እንዳይተነፍስም አዘዘ። ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ልጆቹ «ቤኮስ» አሉ ተባለ። ቤኮስ ዛሬ ቱርክ በምትባለው አገር ይኖር በነበረው የጥንት ሕዝብ፣ በፍርግያኖች ቋንቋ ዳቦ ነው፤ ንጉሡም ፍርግያኖች ይቀድሙናል ብሎ አረፈው። (ልጆቹ ወተት የሚጠጡት ከፍየል ነበር። «ቤ» ማለትን ከማን እንደተማሩት እናንተው ፍረዱ።) እንዲህ ያለው ግምት ስለበዛ የፓሪስ የቋንቋ ጥናት ማኅበር በ1866 ስለ ቋንቋ አመጣጥ የሚቀርብ ጽሑፍ አልቀበልም ብሎ በደንቡ አሰፈረ። ምክንያቱ ይገባኛል። ጽሑፍ ከተጀመረ አምስት ሺህ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ንግግር ግን ከዚያ እጅግ ይቀድማል፤ ድምፅ ደግሞ እንደ አጥንት ከመሬት ተቆፍሮ አይወጣም።

ጥያቄ፦ የቋንቋ ሳይንስ መቼም የአውሮፓውያን ፈጠራ ነው፣ አይደል?

መልስ፦ አይደለም። ፓኒኒ የሚባለው ሕንዳዊ ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ በአምስተኛው ወይም በአራተኛው መቶ ዓመት ገደማ፣ የጥንቱን የሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪትን ወደ 4,000 በሚጠጉ አጫጭር ሕጎች ተንትኖታል። ዓረብኛን በስምንተኛው መቶ ዓመት የተነተነው ሲባወይህ ደግሞ ፋርሳዊ ነው፤ ቋንቋውን በትምህርት ያገኘ ሰው አንዳንዴ ባለቤቱ የማያየውን ያያል።

ጥያቄ፦ ቃላቸው ስለተመሳሰለ ብቻ ሁለት ቋንቋዎች ዘመድ ናቸው ይባላል? አንዱ ከሌላው ተውሶስ እንደሆነ?

መልስ፦ ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። መመሳሰል ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። «ኮምፒዩተር» ስላልን አማርኛ የእንግሊዝኛ ዘመድ አይሆንም። ካልካታ ውስጥ ዳኛ የነበረው ዊልያም ጆንስ በ1786 ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ዛሬ ምናልባት ከጠፋ ከአንድ ምንጭ ሳይወጡ አልቀሩም ብሎ ተናግሯል። ሐሳቡ ትልቅ ነበር፤ ማስረጃው ግን የመጣው በኋላ ነው፤ የመጣውም ከመመሳሰል ሳይሆን ከልዩነት ነው።

እስቲ ልብ በሉ። ሰላም በዕብራይስጥ ሻሎም ነው። ስም፣ ሼም። ልሳን፣ ላሾን። ራስ፣ ሮሽ። ሰባት፣ ሼቫ። እኛ «ስ» ባልንበት ቦታ እዚያ «ሽ» ቁጭ ብላ ትጠብቀናለች። አንዴ ቢሆን አጋጣሚ ነው፤ በዚህ ሁሉ ቃል ላይ ሲደጋገም ግን ሕግ ነው። በአውሮፓም ዴንማርካዊው ራስክ በ1818፣ ጀርመናዊው ያኮብ ግሪም በ1822 ያሳዩት ይህንን ነው፤ ላቲን «ፕ» ሲል እንግሊዝኛና ጀርመንኛ «ፍ» ይላሉ። ፓተር ፋዘር ሆነ፣ ፒስኪስ ፊሽ ሆነ። (አዎ፣ ከወንድሙ ጋር ተረት የሰበሰበው ግሪም ራሱ ነው።)

ሕጉ ግን የሚያፈነግጥ ነበረው። በላቲን አባት ፓተር፣ ወንድም ፍራተር ነው፤ መሐል ያለችው «ት» አንድ ናት። ጀርመንኛ ላይ ስትደርሱ ፋተርና ብሩደር ይሆናሉ፤ አንዱ ት፣ ሌላው ድ። ለምን? ብዙዎች «እንግዲህ ሕግ ሁሉ ወጣ ያለ ነገር አያጣም» ብለው አልፈውታል። ካርል ቬርነር የሚባል ሌላ ዴንማርካዊ ግን አላለፈም፤ በ1870ዎቹ መልሱን ሳንስክሪት ውስጥ አገኘው። እዚያ «ፒታር» ሲባል ድምፅ የሚጎላው መጨረሻው ላይ ነው፤ «ብራታር» ሲባል ደግሞ መጀመሪያው ላይ። ጀርመንኛ ይህንን ልዩነት ከጣለው ቆይቷል፤ ዱካው ግን በተነባቢዎቹ ላይ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ የላይፕዚግ ወጣት ምሁራን የድምፅ ሕግ አያፈነግጥም ብለው ድርቅ አሉ። ትንሽ አብዝተውታል፤ ግን ባያበዙት ኖሮ የሚያስቸግረውን ነገር ማን ይመረምረው ነበር?

ጥያቄ፦ ልጅ ቋንቋ የሚለምደው የሰማውን በመድገም ነው። ታዲያ ቾምስኪ ምን አከራከረው?

መልስ፦ እህቴ፣ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ስኪነርም በ1957 ከዚህ የራቀ ነገር አልተናገረም፤ ቋንቋ እንደ ማንኛውም ልማድ በማበረታቻ ይገነባል ነው ያለው። የቋንቋ ምሁሩ ቾምስኪ በ1959 በስኪነር መጽሐፍ ላይ በጻፈው ግምገማ ሐሳቡን እንዳልነበረ አደረገው። እስቲ እዚያው ይሞክሩት። «ነመጠ» የሚል ግስ አሁን ፈጠርኩ፤ ትርጉም የለውም። ይህን ሥራው ያደረገ ሰው ምን ይባላል? «ነማጭ» አሉ፣ አይደል? «ነማጥ» አላሉም። ቆረጠ ቆራጭ፣ ሮጠ ሯጭ እንደሚሆን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረዎትም፤ «ነማጭ»ንም ከማንም አልሰሙም። ጂን ቤርኮ የምትባል ተመራማሪ በ1958 በእንግሊዝኛ ትንንሽ ልጆችን የጠየቀችው ይህን መሳይ ነበር፤ «ዋግ» የሚባል የፈጠራ እንስሳ ሥዕል አሳይታ ሁለት ሲሆኑስ ስትላቸው ልጆቹ «ዋግዝ» አሉ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አብሮን የሚወለደው ምን ያህሉ ነው የሚለው ላይ ግን ዛሬም ጭቅጭቅ አለ፤ እኔም ቾምስኪን እስከ ጫፍ አልከተለውም።

ጥያቄ፦ ኤስኪሞዎች ለበረዶ መቶ ቃል አላቸው ይባላል። ቋንቋችን አስተሳሰባችንን ይወስናል ማለት ነው?

መልስ፦ መቶው ተረት ነው። የሰው ልጅ ባህል አጥኚው ፍራንዝ ቦአስ በ1911 የጠቀሰው አራት ሥረ ቃል ነው፤ ቁጥሩ እያደገ የሄደው ከአፍ ወደ አፍ ነው። በዚያ ላይ ቋንቋቸው በአንድ ቃል ላይ ቅጥያ እየደራረበ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስለሚያወጣ፣ የቃል ቁጥር ቆጠራው ራሱ ትርጉም የለውም። ቋንቋ ትኩረትን ይጎትታል፤ አእምሮን ግን አያስርም።

ጥያቄ፦ ስዊዘርላንዳዊው የቋንቋ ምሁር ሶሱር ዝነኛ መጽሐፉን ራሱ አልጻፈውም የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ጄኔቭ ላይ ያስተማረውን ተማሪዎቹ በማስታወሻ ይዘውት ነበር፤ ከሞተ በኋላ ሁለት ባልደረቦቹ አቀናብረው በ1916 አሳተሙት። የሚገርመው ሁለቱም ትምህርቱ ላይ አልተቀመጡም።

እኔ ግን የምወድለት በ21 ዓመቱ፣ በራሱ እጅ የጻፈውን ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎችን አናባቢዎች ሲያይ አልገጥም አሉት። እንዲገጥሙለት ድሮ የነበሩና የጠፉ ድምፆች አሉ ብሎ ገመተ፤ ጠፍተዋል፣ ግን የአጎራባቻቸውን አናባቢ ቀይረው ነው የሄዱት አለ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ እንግዳ አይደለም። አማርኛ «ሰማ» ይላል፣ ግዕዝ «ሰምዐ»። «ገባ» እና «ገብአ»፣ «መጣ» እና «መጽአ»። የጉሮሮዋ ድምፅ ጠፍታ «አ»ን ትታልን ሄደች። እኛ ግዕዝ ስላለን እናያታለን፤ ሶሱር ግን የሚያሳየው ጽሑፍ አልነበረውም፤ ስለዚህ ብዙዎች ሒሳብ ነው ብለው ተዉት።

በ1915 መጽሐፍ ቅዱስ ኬጢያውያን የሚላቸው ሰዎች ቋንቋ መነበብ ጀመረ። በ1927 ፖላንዳዊው የቋንቋ ምሁር ኩሪሎቪች ሲያስተያይ፣ ላቲን «አንቴ» በሚልበት ኬጢያውያኑ በ«ኀ» ጀምረው «ኀንት» ይላሉ። ድምፅዋ ሶሱር ባለበት ቦታ ላይ በሸክላ ተጽፋ ነበር። እሱ ከሞተ 14 ዓመት ሆኖት ነበር።