አንዲት ብቻ መልቀቅ

እንደምን ዋላችሁ፣ የተከበራችሁ መምህራንና ተማሪዎች።

ስትገቡ በወረቀት የተጠቀለለች ትንሽ ጤፍ ተሰጥታችኋለች። እስቲ ከውስጧ አንዲት ፍሬ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ጣሉ። ሁለት አይደለም፣ አንዲት።

አያችሁ? ወይ ጣት ላይ ትጣበቃለች፣ ወይ ሦስት አራት ሆና ትወርዳለች። የደምቢያ ገበሬ በእፍኙ ሲበትን ማሳው በአማካይ ከተሸፈነ ይበቃዋል። የቺፕ ፋብሪካም ሲሊከን ላይ አዮን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያለው አተም፣ የሚያዘንበው እንዲሁ በብትን ነው። ለስልካችን ምንም አይልም። እ.ኤ.አ. በ1998 ግን የፊዚክስ ሊቁ ብሩስ ኬን መረጃን በነጠላ የፎስፈረስ አተሞች ላይ የሚያኖር ኳንተም ኮምፒውተር አሰበ። እዚያ ሁለት ከወደቁ ወይም ቦታው ባዶ ከቀረ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? መጀመሪያ መያዝ፣ ማቀዝቀዝ፣ መቁጠር። ከዚያ መልቀቅ።

መያዙ ራሱ ቀላል አይደለም፤ የማይለዋወጥ የኤሌክትሪክ መስክ ብቻውን አዮንን አያቆምም። የፈረስ ኮርቻ አስቡ። መሀሉ ላይ ያለ ኳስ ከፊትና ከኋላ ይደገፋል፣ በጎን ግን ይንከባለላል። ኮርቻው በልኩ ቢሽከረከር ኳሱ ሳያመልጥ ጎኑ ከፍ ብሎ ይመልሰዋል። የፊዚክስ ሊቁ ቮልፍጋንግ ፓውል ይህን በሚለዋወጥ ቮልቴጅ ሠራው፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ቀጥሎ ሌዘር ነው። ካልሲየም አዮን 397 ናኖሜትር የሆነ ሐምራዊ ብርሃን ይቀበላል፣ መልሶም ያበራል። የሌዘሩ ፍሪኩዌንሲ ትንሽ ዝቅ ካለ፣ ብርሃኑን አብዝቶ የሚቀበለው ወደ ሌዘሩ የሚገሰግስ አዮን ነው። በእያንዳንዱ ምት ፍጥነቱ ይቀንሳል። በመጨረሻ ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከሁሉ ዝቅተኛው የሙቀት መጠን፣ በአንድ ሺኛ ኬልቪን ገደማ ብቻ ከፍ ብሎ ይረጋል። በካሜራ ሲታይ የምታበራ ነጥብ ነው። ሦስት ነጥብ ከታየ ሁለቱ ይባረራሉ።

ሁሉም አዮን ግን እንደ ካልሲየም አይደለም፤ ለምሳሌ ናይትሮጅን በዚህ ሌዘር አይበራም። ከካልሲየም ጎን ሲቆም ግን ጎረቤቱ ያቀዘቅዘዋል። በበዓል ሌሊት ጧፍ ይዘው ከተሰለፉ ሰዎች የአንዱ ቢጠፋ፣ ሰው እዚያ እንዳለ ከግራና ቀኙ ርቀት ታውቃላችሁ። ናይትሮጅንም በካሜራው የሚቆጠረው እንደዚያ ነው። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው።

ቅዝቃዜው ሌላም ጥቅም አለው። የረጋ አዮን ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ ስለሚነሳ የሚያርፍበትን ቦታ በኤሌክትሪክ ሌንስ ማጥበብ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጀርመኑ ማይንዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ በአንድ የለቀቋቸውን ካልሲየም አዮኖች ማረፊያ ወደ 6 ናኖሜትር አጠበቡ። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ ከአሥር ሺህ ጊዜ በላይ ይበልጣል። መድረሻ ሰዓቱም ስለሚታወቅ የደረሰውን አዮን የሚቆጥረው መሣሪያ ለዚያች ቅጽበት ብቻ ይከፈታል፤ ሌላ ጫጫታ አይገባበትም።

የቀረው ችግር ፍጥነት ነው። አንድ በአንድ እየያዙ ሚሊዮን አተም መትከል ገና ሩቅ ነው። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ብትሠሩበት ከልቤ ደስ ይለኛል።

ወረቀቷን አትጣሏት። አንዲት ፍሬ ብቻ መልቀቅ የቻለ ካለ፣ አሁን ተነስቶ እንዴት እንዳደረገ ይንገረን።