ቶንጋ የተባለው አምስት ኪሎ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ ስፖት ፊልተር ላወራችሁ ነው የመጣሁት።

ለማታውቁት ባጭሩ። በአማተር ሬዲዮ ውድድር አንድ ሰው ጣቢያ ሲሰማ የጥሪ ስሙንና ፍሪኩዌንሲውን ክላስተር የሚባለው መረብ ላይ ይለጥፋል። ስፖት የሚባለው እሱ ነው። ድሮ የሚለጥፈው ሰው ነበር። አሁን ስኪመር የሚባል ፕሮግራም ባንዱን፣ ማለትም ለአማተሮች የተመደበውን የፍሪኩዌንሲ ክልል፣ በሙሉ በአንዴ እያዳመጠ፣ ሞርሱን ራሱ እየፈታ ይለጥፋል። በኅዳር ወር ያለው ሲኪው ወርልድ ዋይድ የሞርስ ውድድር 48 ሰዓት ነው፤ ስፖቱ እንደ ነሐሴ ዝናብ ይወርዳል።

እኔ ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ውድድሩ የሚጀምረው አርብ፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ያኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ምንም ሳላጣራ ነው የተወዳደርኩት፣ ሁሉም ይምጣልኝ ብዬ። ብርቅ አገር ስክሪኑ ላይ ባየሁ ቁጥር ያለሁበትን ጥዬ እሮጣለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ ጭጭ ነው። ለካ ስፖቱን የለጠፈው ጃፓን ያለ ስኪመር ነው። እሱ ጋ ጥርት ብሎ የሚሰማው ጣቢያ እኔ ጋ የለም።

ስለዚህ አሁን መጀመሪያ የማጣራው በአድማጩ ቦታ ነው። ውድድሩ ዓለምን ቁጥር በተሰጣቸው ዞኖች ይከፍላል። ዞን 4 እና 5 ያሉት ስኪመሮች የለጠፉትን ብቻ እቀበላለሁ፤ መካከለኛውና ምሥራቁ የአሜሪካ ክፍል ማለት ነው። እነሱ ከሰሙት እኔም የመስማት ዕድል አለኝ። ይቺ አንድ መስመር ትእዛዝ ግማሹን ድካሜን አቃልላልኛለች። ሌላው ቀላል ነው፤ ውድድር የማይካሄድባቸውን የ30፣ የ17 እና የ12 ሜትር ባንዶች ዝጉ፣ ኤፍቲ8 የሚባለውን በኮምፒውተር የሚሠራ የዲጂታል ዘዴም ዝጉ፣ በቃ።

የከበደኝ የስህተቱ ነገር ነው።

አንድ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ 15 ሜትር ላይ ኤ3ኤኤ የሚል ስፖት መጣ። ኤ3 ቶንጋ ነው። ሎገሬ፣ ግንኙነቶቼን የምመዘግብበት ፕሮግራም፣ አረንጓዴ አደረገው፤ አገሩም ዞኑም አዲስ ነው ማለት ነው። ደስ አለኝ፣ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ቶንጋ በዚያ ሰዓት ሌሊት ነው፣ እንዴት 15 ሜትር ላይ ይሰማል? ሄጄ አዳመጥኩ። ነጥብ፣ ከዚያ ትንሽዬ ክፍተት፣ ከዚያ ሰረዝ። ነጥብ ብቻዋን ኢ ነች። ሰረዝ ብቻዋን ቲ ነች። ክፍተቷ ከጠፋች ግን ሁለቱ ተጣብቀው ኤ ይሆናሉ።

ኢቲ3ኤኤ ነበር! አምስት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ ግቢ ያለው የክለብ ጣቢያ። ስኪመሩ ያቺን ክፍተት ውጦ አዲስ አበባን ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል አስቀምጧታል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ጠራሁ፣ ደጋግሜ ጠራሁ፣ በመጨረሻ 599፣ 37 ብሎ መለሰልኝ። 599 ሲግናሌ እንዴት እንደተሰማ የሚነግር ቁጥር ነው፣ 37 የኢትዮጵያ ዞን ነው። ቁጥሩን ስጽፍ እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው።

ስክሪኑን አምኖ ቶንጋ ብሎ የመዘገበ ሰው ግን ያ ግንኙነት ይሰረዝበታል፣ በዚያ ላይ የነጥቡ እጥፍ ይቀነስበታል።

አንዳንድ ክላስተሮች ስፖቱ ጎን ምልክት ያደርጋሉ። ቪ ከሆነ ሌሎችም አረጋግጠውታል፣ ቢ ከሆነ ስህተት ሳይሆን አይቀርም፣ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ገና አልተረጋገጠም። ቢን ሁሌም እዘጋለሁ። የጥያቄ ምልክቱንም ዝጋው የሚሉኝ ጓደኞች አሉ፣ ምክንያታቸውም ይገባኛል፣ ስክሪኑ ንጹሕ ይሆናል። እኔ ግን አልዘጋውም። ያን ቀን ዘግቼው ቢሆን ኖሮ ያቺን ስፖት አላያትም ነበር። በተለይ 160 ሜትር ላይ ደካማ ጣቢያን አንድ ስኪመር ብቻ ሊሰማው ይችላል።

ዘንድሮ አንድ ነገር ልጨምር ነው። ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ክላስተሩን ለግማሽ ሰዓት እዘጋዋለሁ። 15 ሜትርን ከታች ጀምሬ፣ ቀስ እያልኩ፣ በእጄ እያዞርኩ ወደ ላይ እወጣለሁ። ያቺን ክፍተት እየፈለግኩ።